የዘገየው ባል

ጅጅጋ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ የተመደብኩት ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ የከተማዋ ግድግዳዎች ገና በጥይት እንደተበሳሱ ነበር። ክፍል ውስጥ አብዝቼ የምጠቀምበት ቃል «ሌት» ነው። ከደወሉ በኋላ የመጣ ሁሉ «ሌት!» ተብሎ በር ላይ ይቆማል። «ቲቸር፣ ገና ጠዋት ነው እኮ» ይሉኛል፣ ቃሉን ወደ አማርኛ አዙረው። እኔ ግን ቃሉን ጠንቅቄ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

አከራዬ ገበያ የግመል ወተት የምትሸጥ ሶማሌ ነበረች። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ባሏ በጦርነቱ ድንበር ተሻግሮ የስደተኞች ካምፕ ገብቷል። ሽንሌ የሚኖረው ወንድሟ ጠቅልሎ ሊወስዳት በመጣበት ሳምንት፣ አንድ የከብት ነጋዴ ከካምፑ ደብዳቤ ደብቆ አመጣላት። በእንግሊዝኛ የተተየበ ሦስት መስመር ነው። ከባሏ ስም ፊት «ሌት» ይላል።

«የዘገየው ባልሽ ዕቃ እኛ ዘንድ ተቀምጧል ይላል» አልኳት።

«ዘገየ እንጂ ይመጣል ማለት ነው?»

«የዘገየ ሰውማ ይመጣል፣ አባዮ።» እህቴ ማለቴ ነው፤ ሶማልኛዬ ከዚያ አያልፍም።

ወንድሟን ብቻውን ሸኘችው። ግድግዳዋን ኖራ አስቀባች፤ እጇን ሂና ተቀብታ መጠበቅ ጀመረች።

ከስድስት ወር በኋላ አሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሳገላብጥ፣ የቀብር ዜና ላይ ያንኑ ቃል ከሟቹ ስም ፊት አገኘሁት። እንግሊዞች የሞተ ሰው የሚጠሩት ቀጠሮ እንዳረፈደ ሰው ነው። ወዳጆቼ ጥፋቱን አለማወቅ ይሉታል። አይደለም። ቃሉን ባላውቀው ኖሮ መዝገበ ቃላት እገልጥ ነበር፤ ያሳሳተኝ ማወቄ ነው።

ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ደርባ ሼኹ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ የተባለችውን ደጃፌ ላይ ቆማ ነገረችኝ። ባል የሞተባት ሴት ነጭ ለብሳ የምትቀመጠው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ባሏ ከሞተበት እንጂ መርዶውን ከሰማችበት ቀን አይደለም። ደብዳቤው ከተጻፈ እንኳ ከዚያ አልፏል።

«ሐዘንሽ አልቋል አሉኝ» አለች። «መቼ ነው የጀመርኩት፣ መምህር?»



ሼኹ ባይጠይቋትም ነጭ ገዝታ ለበሰች፣ አራት ወር ከአሥር ቀንም ተቀመጠች። ግቢው ውስጥ ድንገት ስንገጣጠም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና እስካልፍ ትጠብቃለች።