ያልወረደው የቀኝ እግር

አውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር የገባሁ ቀን አለቃዬ አቶ ዘውዴ መፍቻ አላስያዙኝም። በክሪክ ተነሥቶ በቆመ አውሮፕላን ሆድ ሥር ወስደው ወደ ላይ የታጠፈውን የማረፊያ እግር አሳዩኝ። ከነጎማው ከበሬ ይከብዳል።

«ምን የያዘው ይመስልሃል?» አሉኝ።

«የዘይቱ ግፊት።»

«ዘይቱ ያነሣዋል። አንዴ ከተነሣ በኋላ የሚይዘው ይሄ ነው» ብለው ከመዳፍ የማትበልጥ የብረት መንጠቆ ጠቆሙኝ። አብራሪው ማንሻውን ወደ ታች ሲያደርግ መንጠቆዋ ትለቃለች፤ እግሩ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። የቀየት ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያን ያህል ክብደት ያችን በምታህል ብረት መያዙ ገርሞኝ ቆሜ ሳያት የምሳ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ በኋላ መካኒክ ሆንኩ፤ ቀጥሎም የሠራሁትን በራሴ ፊርማ የማስረክብበት ፈቃድ አገኘሁ።

አንድ ጊዜ ላሊበላ ላይ ብልሽት ጠግኜ እንደ መንገደኛ ተሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጡት የአገሬ ሰው፣ የራቤሏ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። በአውቶቡስ ሄደው ተሳልመው፣ ሲመለሱ ልጃቸው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦላቸዋል። ከተነሣን ጀምሮ ጥያቄያቸው አላቋረጠም። ክንፉ ለምን ይርገበገባል? ደመናው አያረጥበውም ወይ?

ልናርፍ ዝቅ ስንል ጎማዎቹ ሲወርዱ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። የፊቱ፣ የግራውና የቀኙ፣ ሦስት ጊዜ ዷ ማለት ነበረባቸው። ሁለት ብቻ ሰማሁ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ተመልሶ ወጣ።

«ምነው ተመለስን ልጄ?»

«እንጃ እማማ።»

ወዲያው መካኒክ መሆኔን የምታውቀው አስተናጋጅ መጥታ ካፒቴኑ ጋ ወሰደችኝ። ሁለት አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ የቀኙ ቀይ ነው።

«በእጅ መጎተቻውም ሞክረነዋል፤ እምቢ አለ» አለኝ ካፒቴኑ። «እስቲ በዓይንህ እየው።»

እግሮቹን ማያው እኛ ከተቀመጥንበት አጠገብ፣ ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ያለ ትንሽ መስተዋት ነው። ምንጣፉን ገልጬ በሆዴ ተኛሁ። የግራው እግር ወርዶ ተቆልፏል። በቀኝ በኩል ባዶ ነው።

«ምን ታያለህ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

መዋሸት አልሆነልኝም። «የቀኙ እግር አልወረደም።»

«እስቲ ልየው።» አስተናጋጇ ሳትከለክላቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። «ኧረ እውነትም! ምን ያዘው?»

«እኔም እሱን ማወቅ ነው የምፈልገው።»

ለካፒቴኑ ያየሁትን ነገርኩት። ነዳጅ ለማቃጠል ወደ ሰሜን ተመልሰን መዞር ጀመርን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው «ያ የአገራችን ጓሳ አይደለም?» አሉ። እውነትም ጓሳ ነበር። የገደሉ ጠርዝ፣ ከዚያ ወዲህ ሜዳው። ራቤልን በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሊለዩት ብዙ ፈለጉ። እኔም ቀየትን ፈለግሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ እንሞታለን?»

«አላውቅም። በሁለቱ እግር ማሳረፍ ይቻላል። ፍጥነቱ ሲያልቅ ግን በቀኝ ይወድቃል። ያን ጊዜ አንገትዎን እንዳያቀኑ።»

«በል እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው እጄን ያዙ።

ካፒቴኑ በግራው ጎማ አሳረፈው። የቀኝ ክንፉን እስከቻለ ድረስ አንጠልጥሎ ያዘው። ከዚያ የቀኙ ሞተር መሬት ነካ፤ ማረሻ ቋጥኝ ሲያገኝ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ፣ ግን የማያቆም። የእሳት ፍንጣሪ በመስኮቱ አለፈ። ከመንደርደሪያው ወጥተን ሣር ላይ ቆምን።

በመንሸራተቻው ወረድን። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ሌላው ሁሉ ደኅና ነበር። ወይዘሮ አስካለ በባዶ እግራቸው ቆመው ክንፉን ያያሉ። የእሳት አደጋው ሠራተኛ «እናት፣ ይራቁ!» ሲላቸው «ቆይ እንጂ፣ ልየው!» አሉት።

አውሮፕላኑ በክሬን ተነሥቶ ሃንጋር ሲገባ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። መንጠቆዋ እግሩን እንደያዘች ናት። የምትዞርበት ፒን ደርቆ ዝጓል፤ የግራሶው መግቢያ ቀዳዳ በአሮጌ ግራሶ ተደፍኗል። አቶ ዘውዴ መንጠቆዋ ለመጨረሻ ጊዜ ግራሶ የተሰጠችበትን የሥራ ካርድ አወጡ።

«ፊርማው ያንተ ነው» አሉኝ።

አስታወስኩ። የግራሶ ፓምፑን ስጫነው ግራሶው ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ወጣ። ሞልቷል ብዬ ጠርጌ ፈረምኩ። ማንም አላየኝም፤ ባልናገር የሚያውቅ አልነበረም። ለአቶ ዘውዴ እንዳለ ነገርኳቸው። ካርዱን መልሰው አስቀመጡ።

«መርማሪዎቹ ዘንድ ሄደህ ይህንኑ በል። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

ሄጄ ተናገርኩ። የመፈረም ፈቃዴን ለአንድ ዓመት ተነጠቅሁ፤ ከእኔ በታች የነበሩ ልጆች ሥራዬን እየፈተሹ ይፈርሙልኝ ነበር። በሥራ ካርዱ ላይም አንድ መስመር ተጨመረ፦ «አዲሱ ግራሶ አሮጌውን ገፍቶ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ታይቷል?»

ጡረታ ወጥቼ ቀየት ከገባሁ በኋላ ራቤል ሄጄ ወይዘሮ አስካለን ጠየቅኋቸው። አርጅተዋል፤ ግን አወቁኝ። እግሩን የያዘችውን መንጠቆ ነገርና ጥፋቱ የኔ እንደነበር ነገርኳቸው። በትራቸውን ጨብጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ጊዜ አብረን ስናይ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ስታውቅ ተናገርክ?»

«በዚያው ቀን።»

«መንጠቆዋ ምን ታህላለች?» አሉኝ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው። መዳፌን በጣታቸው እየለኩ ብዙ አዩት።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ግራሶ በመጫን ብቻ ሥራው አያልቅም። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ካላያችሁ አትፈርሙ።