ቀጥቃጩ አጎቴና የእንግሊዙ ስም

ሰው «የማን ልጅ ነዎት?» ሲላቸው፣ አጎቴ አባታቸውን በስም ከመጥራታቸው በፊት «የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ» ይሉ ነበር። ወንድሜ ይህን ሲሰማ መሬት ብትውጠው ይወድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጣሊያን ጊዜ መጨረሻ ነው። ደምበጫ አጠገብ ባለው መንደራችን የአርበኞችን ጠመንጃ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። አርበኞቹ ግን ቡዳ ነው ብለው ከቤታቸው ውሃ እንኳ አይቀምሱም። አንድ ቀን አብሯቸው የመጣ እንግሊዛዊ መኮንን የበቅሎውን ልጓም አስጠገነ። ስሙ ስሚዝ ነበር። ይህ የቤተሰቡ ስም ቀጥቃጭ ማለት እንደሆነ፣ የጥንት አያቱ በሥራው እንደተጠራ፣ ሥራው ቀርቶም ስሙ ከልጅ ወደ ልጅ እንደተላለፈ በአስተርጓሚ አጫወታቸው።

አጎቴ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ልጁን ማን ዳረላቸው?»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ መኮንኑ ጥያቄው አልገባውም።

ለአጎቴ ማንም አልዳረላቸውም። ስማቸውን የሚያስጠራ ልጅ ሳይኖራቸው ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ይሠሩበት የነበረው ጎጆ ተዘግቷል፤ ጠዋት ጠዋት የመዶሻ ድምፅ የለም።

ለቅሶው ላይ ወንድሜ «ደህና ገበሬ ነበሩ» እያለ ለእንግዶች ሲያወራ ሰማሁት። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «እባክሽ የዛሬን ዝም በይልኝ። ልጄን ልድር ነው፤ አማቾቼ ከይጁቤ መጥተው ተቀምጠዋል» አለኝ።

«ቀጥቃጭ ነበሩ» አልኩ ጮክ ብዬ። «አያታችንም ቀጥቃጭ ነበር።»

ሠርጉ ፈረሰ። ወንድሜ ሰላምታ ነሥቶኛል፤ እኔም አልለምነውም።