የሱቅ ቀለም

እሑድ ከሰዓት ነበር። ጊዮርጊስ አስቀድሶ የተመለሰው አባቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ እኔ ኮምፒውተሬን በገመድ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ ጌም እጫወታለሁ። ፈረሴን ጋልቤ፣ ተራራ ወጥቼ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ልይ ስል ሰማዩ እንደ ጥለት መስመር በመስመር ሆኖ ቁጭ አለ። ብርቱካናማው ቀስ እያለ ወደ ሐምራዊ መቅለጥ ሲገባው በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ ይኼን ሽንሽን አየኸው?»

«የምን ሽንሽን? ሰማይ ነው እንጂ።»

ይኼን የሚለኝ ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ የሠራ ሰው ነው። ቅልቅል ወርቅ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ በዓይኑ ይለይ ነበር፤ ዛሬም በየጠዋቱ ሱቁን ከፍቶ እሳት ፊት ይቀመጣል። እሱ የለም ካለማ ያበድኩት እኔ ነኛ!

የቴሌቪዥኑን ድምቀት ቀነስኩ፣ ማሳመሪያ የተባለውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ኮምፒውተሩም ብዙ የቀለም ደረጃ እንዲልክ አደረግኩ። ሰማዩ ለሰለሰ። ጥቂት እንደጋለብኩ ቴሌቪዥኑ በገዛ ፈቃዱ ሁሉንም መለሰው። ደግሜ አስተካከልኩ፤ ደግሞ መለሰው። ምን ዓይነት ንቀት ነው! ስበረብር ነገሩን አገኘሁት፦ ቴሌቪዥኑ ሱቅ ተደርድሮ ገዢ እንዲስብ በተዘጋጀበት አሠራር ላይ እንደተተወ ነው። የነካሁትን ሁሉ የሚመልሰው እሱ ኖሯል።

«ይኼ ሻጭ እንዴት ያለ ግዴለሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰውየውን አትውቀሺው። እንዳየሁት ስጠኝ፣ ምንም እንዳትነካ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ከሁሉ ደህና የሚታየው እሱ ነበራ።»

ልብ አላልኩትም። ለቤት ወደሚሆነው አሠራር ቀየርኩት፤ ሰማዩ አንድ ወጥ ሆኖ ቀለጠ። «በል አሁን እይ!» አልኩት።

«ምነው አጠፋሽው?» አለኝ።

ሲፎግረኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ዞር ስል ግን ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ስክሪኑን ይፈልጋል።

ንዴቴ ቴሌቪዥኑን ትቶ እሱ ላይ ወረደ። በዚህ ዓይኑ ነው እሳት የሚይዘው! አንድ ቤት እየኖርን ይኼን ሁሉ ደብቆኛል!

«ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

«ደህናውን ቴሌቪዥን ያበላሸሽ አንቺ። እሱን ወስደሽ አሳዪ።»

የሱቁን ቀለም መለስኩለት፤ ሰማዩ እንደገና ተሸነሸነ።

«እሰይ፣ በራ» አለ።

ተነሳሁና በሩ አጠገብ፣ ልክ ፊት ለፊቱ፣ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ የወርቅ ቤቱን ቁልፍ አወጣሁ። አላየኝም።