እናቴ በቁሜ ያለቀሰችልኝ ቀን

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ዛሬም ሲያነሱት ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁ ይቀራል። በዚያ ቀን እናቴን ልገድላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

የተወለድኩት ውጫሌ ነው። ወደ ሐይቅ ያመጣኝ ትዳር ነበር፤ ትዳሩ ሲፈርስ ከተማዋን ለምጃት ስለነበር እዚያው ቀረሁ። ከዋናው አስፋልት ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሳ መጥበስ ጀመርኩ። ከኋላዋ ባለችው ጠባብ ጓዳ እተኛለሁ። ሐይቅ ላይ ግን አሳ የሚጠብስ ሰው ሞልቷል፤ ማን ከማን ይለያል?

በዚያ ሰሞን ለእኛ ለትናንሽ ነጋዴዎች ስልጠና ተሰጠን። አሰልጣኙ ከሩቅ የመጣ፣ ምላሱ የተፈታ ወጣት ነበር። ጠዋት ስለ ገበያ አስተማረን። «ሰው የሚገዛው ከሚያውቀው ፊት ነው፤ ፊታችሁን አሳዩ። የተዘጋ በር ያየ ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም» አለን። ከምሳ በኋላ ወደ ጤና ዞረ። ዋናው ካፒታላችሁ ሰውነታችሁ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፉ፣ በደንብ ተኙ፣ ዘመድ ጠይቁ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ «ኧረ ይሄ ለደሞዝተኛ ነው» ስትል አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። እኔም የጠዋቱን ይዤ፣ የከሰዓቱን እዚያው ትቼው ወጣሁ።

ደሴ ሄጄ ትልቅ ባነር አሠራሁ። ለዚህ የሚሆን ደህና ፎቶ የነበረኝ አንድ ብቻ ነው፤ ነጠላ ለብሼ፣ ኮስተር ብዬ የተነሳሁት። አታሚው ልጅ ፊቴን አነጣልኝ፣ ከኋላዬ ሰማይና ደመና አስገባ፣ ግራና ቀኙን በአበባ ሞላው። ከሥሩ «ዘውድነሽ አሳ ቤት» ብሎ ጻፈ። «አሳ ቤት» የምትለዋ ቦታ ስላነሳት ደቃቅ ሆነች። ከመኪና ላይ ላለ ሰው የሚታየው የእኔ ፊትና ዘውድነሽ የሚለው ስም ብቻ ነበር።

ባነሩን የሰቀሉልኝ ከጎኔ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከመሰላሉ ወርደው ቀና ብለው አዩት።

«ወላሂ ዘውዴ፣ ይቺ ፎቶ አላማረችኝም» አሉ።

«ምኗ ጋሽ ሰይድ?»

«እኔ እንጃ» ብለው ተዉት።

እውነቱን ለመናገር ባነሩ ሠርቶልኛል። መንገደኛው ሚኒባሱን እያስቆመ መውረድ ጀመረ። እኔም በሬን መዝጋት እርም አልኩ። ከማለዳ እስከ ምሽት ከሚንጨረጨር ዘይት ፊት እቆማለሁ። እያደር ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ይል ጀመር። እንቅልፍም አሻፈረኝ አለ። እናቴ ስልክ ደውላ «ደህና ነሽ ወይ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ለበዓል እመጣለሁ» እላታለሁ። በዓሉ ሲደርስ መንገደኛው ይበዛና እቀራለሁ። የደም ግፊት ስላለባት ሕመሜን ልነግራት አልፈለግሁም።

አንድ ቀን ጠዋት አሳ እየገለበጥኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። ደግነቱ ወደ ዘይቱ አልወደቅሁም። ጋሽ ሰይድ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ሐኪሟ መርምራኝ ልቤ ደህና መሆኑን፣ የጣለኝ ድካምና እንቅልፍ ማጣት እንደሆነ ነገረችኝ። ግሉኮስ ተሰጥቶኝ ወደ ጓዳዬ ተመለስኩና እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ እንደጠፋ አላየሁም።

ጋሽ ሰይድ እንዳልረበሽ ብለው የአሳ ቤቱን በር ዘጉት። መታመሜን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። ትተኛበት ተባብለው አግዳሚ ወንበሮቼን ከበረንዳው ሸራ ሥር ደርድረው ተቀመጡ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንዳይቀሰቅሱኝ ድምፃቸውን አጥፍተው፣ ከዚያ ባነር ሥር ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

በዚህ ሰዓት ከደሴ ወደ ውጫሌ የሚሄድ አንድ የእናቴ ሰፈር ሰው በሚኒባስ አለፈ። የተዘጋ በር አየ። ነጠላ የለበሱ ዝምተኛ ሰዎች አየ። ከላያቸው እኔን በደመናና በአበባ መሐል አየ። ሌላ ምን ይጠይቃል? ውጫሌ እንደደረሰ መሞቴን ለወንድሜ ነገረው። ወንድሜ ደወለልኝ፤ ስልኬ ጥሪ አይቀበልም።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ዱብ ዕዳ አይነገርም። መጀመሪያ «ትንሽ አሟታል» ይባላል፤ ሞቱ የሚነገረው ኋላ ነው። ወንድሜም ለእናቴ «ዘውዴን ትንሽ አሟታል፣ ሐይቅ ደርሰን እንምጣ» አላት። እውነቱም ይኸው ነበር፤ እሱ ግን የሚዋሽ መስሎት ነው የተናገረው። አባቴ ሞቶ ሳለ እናቴን የወሰዷት «ትንሽ አሞት ነው» ብለው ነበር። ስለዚህ ወዲያው ገባት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተሳፍረው መጡ።

እኔን ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው። ከጎረቤት ሰው የሞተ መሰለኝ። እየተንገዳገድኩ ተነስቼ ነጠላዬን ስፈልግ አስቡት። ከለቅሶ ቀረች ብሎ የቅሬው፣ የእድሩ ሰው እንዳያማኝ ፈርቼ ነው።

ከውጭ የጋሽ ሰይድን ድምፅ ሰማሁ። «አብሽሩ! ኧረ አብሽሩ፣ ትንሽ አሟት ተኝታ ነው!» ይላሉ። ይህን ሲሉ ለቅሶው ይብስ ቀለጠ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ሙሾ ማውረድ ጀመረች፦

«አላፊ አግዳሚው መልክሽን ሲጠግበው፣
የእናትሽ ዓይን ብቻ ምን ሆኖ ተራበው?»

ድምፁ የእናቴ ነበር። «ዘውዴ ልጄ» ብላ ስትቀጥል የሚለቀሰው ለእኔ መሆኑ ገባኝ። ግድግዳውን ይዤ በሩን ከፈትኩ።

ከፊት የነበሩት ሴቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወንድሜ አማተበ። እናቴ ግን አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። አፏን ከፍታ አየችኝ፣ አንድ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ እንደዘረጋችው ወደቀች።

እኔን ጠዋት የወሰደኝ ባጃጅ ከሰዓት እናቴን ወሰደ። ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ስለነበር ከጤና ጣቢያው ወደ ደሴ ሆስፒታል ተላከች። ምላሷ ተያይዞ፣ ግራ እጇ አልታዘዝ ብሏት ሰነበተች። ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሷን ከወሰድክብኝ እኔንም አትተወኝ እያልኩ አምላክን እለምን ነበር።

አንደበቷ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ «ኸመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?»

«ቆየ እማዬ» አልኳት።

«ደህና ነኝ ትይኝ አልነበር?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰው የራሱን ለቅሶ ሳይሰማ ነው የሚያልፈው፤ እኔ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ ዋይታ መሐል አሳዬን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል።

እናቴ ዛሬ ውጫሌ አለች። ግራ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም። ስልክ ደውዬ ደህና ነኝ ብላት አታምነኝም። «መጥተሽ ልይሽ» ትላለች። ስለዚህ እሁድ እሁድ ቤቴን ዘግቼ እሄዳለሁ። እንደገባሁ ብርሃን ወዳለበት ታስቀምጠኝና በደህናው እጇ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ከዓይኔ ሥር ትዳስሰኛለች። እስክትጨርስ አልናገርም። ከልቧ ካመነች «እሺ» ትላለች፤ እኔም ቀልሎኝ ወደ ሐይቅ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ግን ዝም ትላለች። ያኔ ሰኞንም እዚያው እውላለሁ።