አጎቴ ያልደፈናት ቀዳዳ

አጎቴ በሰፈሩ «ደፋኙ» ይባላል። ግንበኛ ነው፤ አዲስ ቤት ሲሠራ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። በአሮጌ ቤት የማይፈለግ መስኮት ሲኖር፣ ብርድ ሲገባበት ወይ ጎረቤት ግንብ ሲያስጠጋበት፣ የሚጠራው እሱ ነው። «ሰውን ፀሐይ የምትነሳው አንተ አይደለህም?» እያሉ ሲቀልዱበት ይስቃል። አንድ የማይተወው ልማድ አለው። ጡቡን ደርድሮ ሲጨርስ መሃል ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ ያስቀራል፤ ከውጭ ሰፋ፣ ከውስጥ ጠበብ ያለች። «ግድግዳም ይተንፍስ እንጂ» ይላል። በማግስቱ ተመልሶ በሲሚንቶ ይደፍናታል። ጥቅሟን እሱ ያውቃል፤ እኔ እንጃ።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። በሁለቱ መስኮቶቿ ግን መንገዱን እያየች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ አዲስ ጫማ እንደገዛ፣ ከእኛ ከእግረኞቹ በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። መንገዱ ሰፍቶ የጭነት መኪና ሲመላለስበት አቧራው ደረቷን ያዘው። መስታወቱን ብንቀይር በንዝረቱ መልሶ ይረግፋል። ሐኪሙ «ወይ ክፍል ቀይሩላት፣ ወይ መስኮቱን ድፈኑ» አለን። ሌላ ክፍል ቢኖረን ምን ገዶን!

አጎቴ ባልዲውን ይዞ መጣና መሃል ክፍሉ ላይ ቆመ። እንደዚያ ቀን ሥራ ሲከብደው አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ ልጀምር?»

«በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?» አለችና ፊቷን አዞረች።

አጎቴ አንደኛውን መስኮት በጡብ ዘግቶ በማግስቱ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዞረ። የጡቡ ረድፍ ከፍ ባለ ቁጥር ብርድ ልብሷ ላይ ያለው ብርሃን እየጠበበ ሄደ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ምን ላድርግ? ብንተወው ሳሉ ሊገድላት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻዋን ቀዳዳ ሊዘጋ ሲሚንቶ አቡክቶ መጣ። አቧራው እንዳይከተለን በሩን ዘጋሁና አምፖሉን ላበራ እጄን ስሰድ፣ «ተይው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ መንገዳችን ነበር። ራሱ መንገዱ፣ ከነቀለሙ፣ እየተንቀሳቀሰ። ግን ተገልብጧል፤ ሰማዩ ከወለሉ አጠገብ፣ መሬቱ ከኮርኒሱ ሥር። ሰዎች ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አንጠልጥለው ይራመዳሉ። ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለፈች። ውጭ የጭነት መኪና ሲያጓራ ሰማን፤ እዚህ ግድግዳው ላይ ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ ተንሸራተተ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ተአምር በገዛ ቤቴ፣ ያውም በአንዲት ቀዳዳ! እስከ ዛሬም ሳስበው ውርር ያደርገኛል።

አጎቴ ባልዲው በእጁ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። እስከዚያ ቀን የሠራባቸው ክፍሎች ሁሉ ወይ ሌላ መስኮት ወይ ክፍት በር ነበራቸው፤ ቀዳዳዋ የምታሳየውን አንድም ቀን አላየም።

«ይህን ነው እንዴ ስደፍን የኖርኩት?» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ መለሰችለት። «ዓለም ተገለባበጠች ስል ማን ሰማኝ?» አለችና ሳቀች፤ እስክትስል ሳቀች።

ሲሚንቶው ባልዲው ውስጥ ደረቀ። አጎቴ አቧራ እንዳያስገባ ቀዳዳዋን በቁራጭ መስታወት ከደናት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ግድግዳችን ፊት ለፊት ይቆምና ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳል። መንገደኛው «ደፋኙ ለየለት፣ ከጡብ ጋር ሰላምታ ጀመረ» ይለዋል። ውስጥ እናቴ እግሩ ወደ ላይ፣ ባርኔጣው ወደ ታች ሆኖ ታየዋለች። እጇን ከብርድ ልብሱ ታወጣና ወደ ግድግዳው ታወዛውዛለች።

«ደህና ዋል፣ ወንድሜ» ትለዋለች።