ከአክስቴ አልጋ ስር ያሉት ብሎኬቶች

አባቴ ግንበኛ ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ሲሚንቶ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። አፈር ማየት አይሆንለትም። እናቴ «ቢችል እኔንም ይለስነኝ ነበር» ትላለች። የጋራ ግቢያችንን ጭቃ ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ የሸፈነው እሱ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆታል።

ክረምት ሲገባ ግን ውሃው መስረጊያ አጣ። ከየጣሪያው ወርዶ በልሙጡ ሲሚንቶ ላይ እየተንሸራተተ ዝቅ ባለው ጥግ ያለው የአክስቴ ቤት ገባ። ከላይ ያሉት ቤቶች ደረቅ ናቸው፤ የሁሉም ውሃ የሚጠራቀመው እሷ ጋ ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እግሯ ደካማ ነው። አባቴ አልጋዋን ብሎኬት ላይ አወጣላት፤ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥርም አንድ ረድፍ ይጨምራል። ውሃው አልደረሰባትም፤ እሷም ግን መሬት መድረስ አቃታት። ድሮ ግድግዳ ይዛ ደጅ ትወጣ የነበረች ሴት ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የሚያወርዳት ሰው መጣራት ጀመረች።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣች መሃንዲስ ግቢውን ዞራ አየችና «መሃሉ ይፍረስ፤ ጎድጎድ አድርገን ሳርና ዛፍ እንትከልበት፤ ውሃውን ይጠጣዋል» አለች።

«ሳር ነው ጎርፍ የሚያቆመው? አትቀልጂ እንጂ ልጄ!» አላት አባቴ።

አክስቴ ከአልጋዋ ሆና ሰማች። «ወንድሜ፣ እስቲ ለእኔ ስትል ሞክረው።»

አኮረፈ፤ እራቱንም ሳይበላ ተኛ። ጠዋት መዶሻውን አነሳ። የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ ሲያፈርስ ማየት አንጀት ይበላል። ከዚያ ቆፍረን ከስር ጠጠር፣ ከላይ ለም አፈር አለበስነው፤ ተከልንበት። ጎረቤቶቻችንም አሸንዳቸውን ወደዚያው አዞሩ።

ሳሩ ሥር ከያዘ በኋላ ዶፉ መጣ። ሁላችንም በየበራችን ቆምን። ውሃው እየተንዶለዶለ ወርዶ ጉድጓዱን ሞላው፤ ሳሩ ተኛ። በልቤ «አለቀልን» አልኩ። ከዚያ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ ውሃው እያየነው ዝቅ ማለት ጀመረ። ያ ሁሉ ውሃ! ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳይጣደፍ፣ መሬቱ ዝም ብሎ ጠጣው። አባቴ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ተንበረከከና መዳፉን አፈሩ ላይ አሳረፈ።

«ወይ ጉድ! ለካ ይህን ሁሉ የሚይዝ ሆድ ነበረው!»

ሮጠን አክስቴ ቤት ገባን። ወለሉ ደረቅ ነው።

«አየሽ? ጠብታ አልገባም!» አላት አባቴ።

«አየሁ። በል ብሎኬቶቹን አውጣልኝ።»

አልጋውን ከነእሷ ጥግ በጥግ እያነሳንለት አንድ በአንድ አወጣቸው። አክስቴ እግሯን አወረደች፤ ወለሉን ነካች፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ዞር በል ከመንገዴ» አለችው። «ሳርህን ልየው።»