አባ ስፒል ስፒል ዋጠ የተባለ ሰሞን

ልብስ ሰፊው አባ ስፒል ስፒል ዋጠ ተባለ። ወሬው ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ካፌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲነሳ የተዋጠችው አንዲት ስፒል ነበረች። ለምሳ ስፒሎቹ ሰባት ደረሱ። አስር ሰዓት ላይማ ጭራሽ መቀሱም አብሮ ወርዷል ተባለ።

ነገሩ ግን ለማመን ይከብዳል። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አራት ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ልብስ ሲለካ፣ ደንበኛ ሲያሞግስ፣ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ነው። አንዴ እንደነከሳቸው አስነጥሶ አንዷም ንቅንቅ አላለችም። «ስፒል የዋጥኩ ዕለት መቀሴን ሰቅዬ ቤቴ እቀመጣለሁ!» እያለ እዚያው ካፌ ውስጥ ስንቴ ደረቱን ነፍቷል። አሁን ያ አፉ ዕዳ ሆነበት።

ያን ጠዋት ጨርቅ ሊቆርጥ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ሲል፣ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል አንድ ነገር ወጋው። ቀና አለ፤ ወጋው። ሲያስልማ ጣራው የተደረመሰበት መሰለው። ወዲያው ስፒሎቹን ቆጠረ። አንዷ የለችም!

ሚስቱ ካውያውን አስቀምጣ ዞረች። «ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያጎብጥም። ዋጥካት አይደል?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!»

ሰውማ ሰምቷል። ሱሪ ሊለካ የቆመው ደንበኛ አንድ እግሩን ብቻ እንዳጠለቀ ካፌው ደርሶ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችው ሐኪም ከመጨረሻ ልጁ የምታንስ ትመስላለች። «አባባ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

አባ ስፒል ሌባ ጣቱን ቀስሮ አንዲት ነጥብ ላይ አሳረፈ። «እዚህች ጋ ብቻ። አንድ ጣት ፈቀቅ ካልሽ ደህና ነኝ።»

«ያስመልስዎታል? ትኩሳትስ? የምግብ ፍላጎት እንዴት ነው?»

«የምግቡን ነገር ተይው ልጄ!» አለች ሚስቱ። «እየተጣመመም የኔን ድርሻ ጨምሮ በልቷል።»

ሐኪሟ ነጥቧን ጫን ስትላት ታማሚው ከአልጋው ሊበር ምንም አልቀረው። «በቀኝ ቢሆን ትርፍ አንጀት ይሆናል እል ነበር» አለች። «በግራ ደግሞ የአንጀት ግድግዳ እየተወጠረ የሚያወጣቸው ከረጢቶች ይቆጣሉ። ግን ያ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ያመጣል፤ የደም ምርመራውም ያሳብቅ ነበር። የእርስዎ ደም ደህና ነው። ለማንኛውም በሲቲ ስካን እንየው።»

አባ ስፒል ሆዱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያ መሣሪያ ስፒሏን ለአገር ሊያሳይበት ነው። መቀሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲለብስ ከወዲሁ ታየው።

የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ብረት ያለበት ልብስ ሁሉ እንዲወልቅ አዘዘና ሸሚዙን ተቀበለው። ወዲያው «ውይ!» ብሎ ጣቱን ጠባ። ስፒሏ ከኮሌታው ስር ተሰክታ ኖሯል! አባ ስፒል ነቅሎ ሳማት። ደስታው ግን ከመሳሙ አላለፈም። ስፒል ካልሆነ ታዲያ ሆዱ ውስጥ የሚወጋው ምን ጉድ ነው?

ሐኪሟ ምስሉን አሳየቻቸው። «ትልቁ አንጀት ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ትናንሽ ስቦች ተንጠልጥለዋል። ሁላችንም አሉን። ከእርስዎ ስቦች አንዷ በቀጭን አንገቷ ተጠማዘዘችና ደም ተቋረጠባት፤ ተቆጣች። ይቺ ቀለበት የመሰለ ጠርዝ ያላት እንቁላል መሳይ ነገር እሷ ናት።»

«እንደ መጋረጃ ዘርፍ?» አለ አባ ስፒል።

«ልክ እንደሱ።»

«እና ቁረጡለታ!» አለች ሚስቱ። «እሱ ራሱ ዘርፍ ሲከረክም አይደል የሚውለው?»

«አይቆረጥም እማማ። ራሷ ሟሽሻ ትተዋቸዋለች። ማስታገሻ ከምግብ ጋር ይውሰዱ፣ ጥቂት ቀን ይረፉ፣ ከባድ አያንሱ። አንቲባዮቲክም አያስፈልግም። በአንድ በሁለት ሳምንት ይሻልዎታል። ከባሰብዎት፣ ወይ ትኩሳትና ትውከት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ።»

«ይኼው ነው?» አለ አባ ስፒል፣ ትንሽ ቅር ብሎት። ሰፈር ያሸበረ ህመም እንዲህ በኪኒን ይሸኝ?

በስምንተኛው ቀን ሱቁን ሲከፍት ህመሙ ጠፍቷል። ካፌው ግን ገና አላገገመም። ያ ወሬኛ ደንበኛ መንገዱን አቋርጦ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ በእጁ አንድ ረጅም ሚስማር ይዟል።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድምዓለም! በማግኔት ነው አሉ የጎተቱልህ። ለመሆኑ ከሰባቱ ስንቱ ወጣ? ይኸው ለመቀስህ መስቀያ አዋጥተን ገዛንልህ።»

አባ ስፒል በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስፒል አልዋጥኩም። ከሆዴም የወጣ ነገር የለም፤ ማግኔት የሚባልም በዓይኔ አላየሁም። የአንጀቴ ስብ ተጠማዝዞ አመመኝ፣ ማስታገሻ ወሰድኩ፣ ዳንኩ።»